ብረት ያልነካው ወይን

ሰው ሁሉ ወደ አርብ ገበያ ሽቅብ ሲወጣ ሁለቱ ብቻ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ፤ ካሳ በየመታጠፊያው በቅሎዋን ወደ ዳር እያስጠጋ ያሳልፋቸዋል። ለወንድሙ ልጅ ብሎ ያመጣት በቅሎ የተሸከመችው ሻንጣ ብቻ ነው። የትናየት «በእግሬ ይሻለኛል» ብላ ከኋላ ትከተላለች። ጀርባዋ ላይ በነጠላ አጥብቃ ያዘለችው ነገር አለ፤ ጠጠር ባዳለጣት ቁጥር እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ትደግፈዋለች።

እንቁላል በቅርጫት የያዙ ሁለት ሴቶች ከመታጠፊያው ብቅ አሉና አዩዋት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለች አንደኛዋ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው» አለች የትናየት እየሳቀች። «ቀይ። ሦስት ዓመቱ ነው።»

«የሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው የምታዝዪው? አውርጂው እንጂ፣ እግር የለውም?»

«እግር የለውም፤ አንገት ግን አለው።»

ሴቶቹ ምን እንደተባሉ ሳይገባቸው እየተሳሳቁ አለፉ። ካሳ አልሳቀም። የወይን ጠጅ ጠርሙስ እንደ ሕፃን አዝላ ከምትሄድ ሴት ጋር በገበያ ቀን መታየቱ አሳፍሮታል።

«በቅሎዋ ላይ ብንጭነው ምን ነበረበት?»

«ታችኛው አተላ ይናወጣል፣ አያ ካሳ። አንዴ ከተናወጠ እስኪጠል ቀን ይፈጃል። እኛ ደግሞ ያለችን ዛሬ ናት።»

ያለቻቸው ዛሬ መሆኗን ካሳም ያውቃል። ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥር፣ ወሩ ጥር ነው። ዛሬ ቅዳሴ ሲያበቃ የወይን አምባ ኪዳነ ምሕረት ሰበካ ጉባኤ ይሰበሰብና አሮጌው ወይን ከሥሩ ይነቀል ወይስ ይቆይ የሚለውን ይወስናል።

ወይኑ የደጀ ሰላሙን የድንጋይ ግንብ ተደግፎ የቆመ ነው። ግንዱ የበሬ አንገት ያክላል። ማን እንደተከለው በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ ከበሽሎ ማዶ የመቅደላ መድፍ ሲያጓራ የካሳ ቅድመ አያት ከሥሩ ተቀምጦ እንደሰማ፣ ወይኑም ያኔ አሮጌ እንደነበር ግን ሲወርድ ሲዋረድ ተነግሯል። ጥበቃው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ካሳ ላይ ደረሰ። በበጋ ውሃ ያጠጣዋል፤ ፍየል ያባርርለታል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ እንዳያጥበው ሥሩን በድንጋይ ይከትርለታል። የማያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብረት አያስነካውም። ግዝት አለበት። አባቱ በሞት አልጋው ላይ እጁን ይዞ ያስማለውም ይህንኑ ነው።

ባለፈው ክረምት የግንቡ አንድ ጎን ተናደ። ወይኑ ዓመት በዓመት ሐረግ በሐረግ ላይ እየደረበ፣ ዝናብ ሲጠጣ እየከበደ፣ ድንጋዩን ወደ ውጭ ጎትቶ ጣለው። ፍሬው ደግሞ እየመነመነ ሄዶ አምና አንድ ሌማት አልሞላም፤ ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ ከከተማ እየተገዛ መምጣት ከጀመረ ቆይቷል። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር የማር ነጋዴው መልካሙ፣ «ግንቡን ከኪሴ ላሠራው፣ ለአብነት ተማሪዎቹም አዳራሽ ልጨምርበት፤ ግን ወይኑ ከቆመ የምሠራውን ሁሉ መልሶ ይጥለዋል» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ካሳን ያስጨነቀው ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መልስ አይጠፋውም ነበር።

የትናየት የሟች ወንድሙ የታከለ ልጅ ናት። እስቴ መካነ ኢየሱስ ተወልዳ፣ የእርሻ ትምህርት ተምራ፣ ዝዋይ አካባቢ ወይን ስትንከባከብ ቆይታ፣ በመጨረሻ ደቡብ ፈረንሳይ ሄዳ ማዳም ኦዴት በምትባል አሮጊት እርሻ ላይ አራት ዓመት ሠራች። ከተመለሰች ሁለተኛ ወሯ ነው። ካሳ በስልክ ስለ ግንቡ ሲነግራት ብዙ አልጠየቀችም፤ ይህንን ጠርሙስ ይዛ ትናንት ማታ አርብ ገበያ ገባች።

«እስቲ ንገሪኝ» አላት አሁን፣ መንገዱ ጭር ሲል። «መጠጥ ለዛፍ ጥብቅና ይቆማል?»

«ይህ ይቆማል። የተጨመቀው መቶ ዓመት ካለፋቸው ወይኖች ነው። ማዳም ኦዴት የፋብሪካ ማዳበሪያ አታስነካቸውም፣ ኬሚካል አትረጭባቸውም። ፋንድያና ዶማ ብቻ።»

«እንደኛው ነዋ።»

«እንደናንተው። አንድ ነገር ሲቀር።» ነጠላዋን አጥብቃ ተራመደች። «እሷ በየዓመቱ ትቆርጣቸዋለች። ሐረጉን ሁሉ። የሚቀረው የሰው ወገብ የሚደርስ ጉቶ ነው።»

ካሳ በቅሎዋን አቆመ። «ይህን ቃል እዚያ ወርደሽ እንዳትደግሚው።»

«ካልተቆረጠ ይሞታል፣ አያ ካሳ።»

«እኔ የጠራሁሽ ነቃዩን እንድታስቆሚልኝ ነው። ቆራጭ አልጠራሁም።» ልጓሙን ሳብ አደረገና ቀጠለ። ቤተ ክርስቲያኑ እስኪታያቸው ድረስ ወደ ኋላ አልዞረም።

ሲደርሱ የትናየት ሻንጣዋን ሳታወርድ በቀጥታ ወደ ወይኑ ሄደች። በሁለት እጇ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች። ካሳ ከኋላዋ ቆሞ ያያታል። ከውጭ አረንጓዴ ጎጆ የሚመስለው ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ግራጫ የሆነ፣ የደረቀ ሐረግ እንደ አሮጌ ገመድ ተቆላልፎ ሞልቶታል። በጥፍሯ አንዱን ፋቀችው፤ ደረቅ። ሌላውን ፋቀች፤ ደረቅ። ወደ ግንዱ ተጠግታ ዝቅ ያለውን ክንድ ስትፍቅ ግን ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ብቅ አለ። በሬ ሊገዛ ጥርስ እንደሚያይ ሰው ደጋግማ አየችው። ከዚያ ቅጠሉን መልሳ ከድና ወጣች።

ደጀ ሰላሙ በር ላይ የደብሩ አስተዳዳሪ መምህር አንተነህ በድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰማንያን ያለፉ፣ ድምፃቸው ግን ያልደከመ ሊቅ ናቸው። አጠገባቸው እማሆይ የኔነሽ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ደጀ ሰላሙን የሚጠርጉት፣ ዕቃውን የሚያጥቡት፣ የሚገባውን የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። መልካሙም ካፖርቱን ደርቦ ከወዲያ ማዶ መጣ። የትናየት መስቀል ተሳለመች፤ ተመረቀች።

«ይህ ነው እንግዲህ ጠበቃው?» አለ መልካሙ ጠርሙሱን እያየ።

«ይህ ነው፣ ጋሼ መልካሙ።»

ችኮላዋ ከዚህ ጀመረ። ነጠላዋን ፈትታ ጠርሙሱን መደቡ ላይ አቆመች፤ ከሻንጣዋ የቡሽ መንቀያና በልብስ የጠቀለለችውን ብርጭቆ አወጣች። ቡሹ ጧ ብሎ ሲወጣ መልካሙ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ከነጥይቱ ነው ያመጣሽው?»

ጥቂት ቀዳች፤ ብርጭቆውን አዟዟረች፤ አፍንጫዋን እስከ ግማሹ አስገብታ አሸተተች። ከዚያ ተጎነጨች፤ በጥርሷ መካከል አየር ሳብ አደረገች፤ ፊቷን ወደ ጥግ አዙራ እንትፍ አለችው።

የካሳ ጆሮ ጋለ።

«አያችሁ?» አለ መልካሙ። «ራሷ ያመጣችውን ራሷ ተፋችው።»

«አቀማመሱ እንዲህ ነው፣ ጋሼ። ሙያው ነው።»

«ማር እኔም እቀምሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀመስኩ። የተፋሁት ግን የተበላሸውን ብቻ ነው።»

እማሆይ የኔነሽ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እሱስ ይቅር። ልጄ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

የትናየት ብርጭቆውን መደቡ ላይ አስቀመጠች። «ዓርብ» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ።

«ገበያውን ሰንጥቃ መጥታ ዓርብነቱ ጠፋት!» መልካሙ ሳቁን ለቀቀው። «ለእግርሽ ዓርብ፣ ለአፍሽ ቅዳሜ ነው?»

ፊቷ ደም መሰለ። አራት ዓመት ሙሉ ዓርብ ለእሷ ከሐሙስ ቀጥሎ የሚመጣ የሥራ ቀን ብቻ ሆኖ ኖሯል። ካሳ ሊናደድባት ፈለገ፤ ስታጎነብስ ሲያይ ግን አልቻለም።

«ተዋት» አሉ መምህር አንተነህ። «ተፍታዋለች አይደል? አፏ ገደፈ እንጂ ሆዷ ገና ጾመኛ ነው። በግማሽ እንቆጥርላታለን።» እማሆይ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «በሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አይነካውም። ቅዳሴው ሲያልቅ እንቀምሳለን፤ ነገሩንም ያኔ እንጨርሳለን። ግን እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፤ መልካም ነው?»

ካሳ ዓይኗን ፈለገ። በይ፣ መልካም ነው በያቸው።

«ገና ነው፣ አባታችን» አለች። «ዝግ ነው። ራሱን አልሰጠኝም።»

«እንግዲህ ቁልፉ ፓሪስ ቀርቷል» አለ መልካሙ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያመራ።

ካሳ ጥግ ወስዶ ያዛት። «ምን አለበት ጥሩ ነው ብትዪ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀምሱት የለ?» ድዷን በምላሷ ዳሰሰች። «ጎርባጣ ነው፣ አያ ካሳ። እንደ ጥሬ ኮሽም ድዴን ጨመደደኝ። ሽታ የለውም። መንገዱ ይሁን ብርዱ አላውቅም። ክፉ አይደለም፤ አውቀዋለሁ፣ ከነሐረጉ አውቀዋለሁ። ግን ዛሬ ሊናገር አልፈለገም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሴቶች በር ሄደች። ካሳ ከወይኑ ሥር፣ ዜማው ከሚሰማበት ቦታ ተቀመጠ። ጠርሙሱ መደቡ ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ለካሳ ያለቀለት ነገር መስሎ ታየው።

ብዙም ሳይቆይ እማሆይ የኔነሽ አንዲት ትንሽ ማሰሮ ታቅፈው መጡ። «አፉን የከፈተ ጠርሙስ፣ በዚያ ላይ ሥዕል የተለጠፈበት፣ ደጀ ሰላም ውስጥ ይቆማል? ጠጅ ቤት ነው?» አሉና ጠርሙሱን አንስተው ወደ ማሰሮው ማንቆርቆር ጀመሩ። ካሳ ሊያስቆማቸው ከመቀመጫው ተነሣ። ከእማሆይ የኔነሽ ጋር በዕቃ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልታየም፤ እንደገና ተቀመጠ። እሳቸው ቀስ ብለው፣ ጠላ እንደሚያጠሉ ሁሉ ዓይናቸውን ከአንገቱ ሳይነቅሉ ቀዱ። ጥቁሩ ዝቃጭ ብቅ ሲል አቆሙ። «ጭቃው እዚያው ይቅር» አሉ። ማሰሮውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ ከፀሐይ አርቀው አስቀመጡት።

ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ተሰናብቶ፣ የጉባኤው አባላት ደጀ ሰላም ተሰብስበው ዳቦና ንፍሮ ሲቀርብ የትናየት መጣች። ባዶውን ጠርሙስ አየችና ቆመች።

«ማን ጠጣው?»

«ማን ይጠጣዋል ከጾመኛ መካከል? እዚህ ነው» አሉ እማሆይ ማሰሮውን እያመለከቱ።

«ማሰሮው ታጥኗል እማሆይ? በወይራ?»

«እሱን አታንሺብኝ፤ አፍሬያለሁ። በግራዋ አጥቤ፣ በውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁት እንጂ ወይራው አልቆብኝ ሳላጥነው ቀረሁ። ለእንግዳ ያልታጠነ ዕቃ ሰጠሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች የትናየት ከልቧ። እማሆይ ሹፈት መስሏቸው ገላመጧት።

ጨርቁን አንሥታ ጎንበስ አለች። ካሳ ትከሻዋን ብቻ ነው የሚያየው። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ሲረግብ አየ።

«አያ ካሳ፣ ያሽትቱት እስቲ።»

ጎንበስ አለ። መጀመሪያ የማሰሮውን እርጥብ ሸክላ አገኘ። ከሥሩ ደግሞ አጋም መጣ፤ በደንብ ጠቁሮ እጅ የሚያቀልመው የበሰለ አጋም። ራሱን አንሥቶ እንደገና ሲያሸት አጋሙ ዞር ብሎ ለጦስኝ ቦታ ለቀቀ። ጉና ላይ እየተረገጠ የሚሸተውን፣ የእረኛ ጫማና የበግ እግር የሚጨፈልቀውን ጦስኝ። ካሳ ቀና ብሎ ግራ ቀኝ አየ፤ ከየት መጣ?

«ጦስኝ ጨምራችሁበታል?»

«ምንም አልተጨመረበትም። ወይኑ ባለበት ኮረብታ ላይ የጦስኝ ዘመድ በየድንጋዩ ይበቅላል።»

መምህር አንተነህ ማዕዱን ባርከው ጽዋ ቀረበላቸው። የትናየት ግማሽ እንኳ ሳትሞላው አቆመች።

«ይህ የዓይን ጠብታ ነው?» አለ መልካሙ። በዚህ አገር ያልሞላ ጽዋ ማቅረብ ንፉግነት ነው።

«ባዶው ቦታ ለሽታው ነው፣ ጋሼ። ከሞላ መቆሚያ ያጣል።»

«ለሽታው ወንበር የሚለቀቅለት መጠጥ!» አሉ እማሆይ። «የወረዳ ሹም መሆን አለበት።»

መምህሩ ቀመሱ። ጽዋውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እንደገና ቀመሱ።

«ጣፋጭ አይደለም» አሉ። «ማር ቢሆን አንዴ ተናግሮ ዝም ይላል። ይህ ግን አንድ ነገር ይልና ይቆያል፤ ጨረሰ ስትሉ ሌላ ይጨምራል። ሲጀምር ኮምጠጥ ይላል፤ ሲሄድ አፈር አፈር፣ በጋው ወጥቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የሚነሣው አፈር።» ጽዋውን ወደ መልካሙ አሳለፉ። «እንካ፣ የማር ሊቅ።»

ካሳ መልካሙን በገበያ ቀን ብዙ ጊዜ አይቶታል። ማር ሲቀምስ ዋጋው እንዳይወጣበት ፊቱን ያጨማድዳል፤ ባለማሩም እያየው ተስፋ ይቆርጣል። አንድ ነገር ብቻ አይችልም። እውነተኛ ማር ምላሱ ላይ ሲያርፍ ዓይኑ በራሱ ጊዜ ይጨፈናል። ከጋይንት እስከ ስማዳ ያለ ቀፎ ያለው ሁሉ ይህን ያውቅበታል።

መልካሙ ፊቱን አስቀድሞ አጨማድዶ ተጎነጨ። በጥርሱ መካከል አየር ሳብ አደረገ፤ ጠዋት እሷ ያደረገችው፣ የሳቀበት፣ ያው ራሱ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

ካሳ አንገቱን አሰገገ።

«ውሸት የለበትም» አለ መልካሙ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ስኳር የተቀለበች ንብ ማርና የሜዳ አበባ የቀሰመች ንብ ማር በአንድ ጣት ነው የሚለየው። ይህ ስኳር አያውቅም። ምሬት አለው፤ የጌሾ ዓይነት፤ ግን አይቧጥጥም፣ ይዞ ይቆማል።» ጉሮሮውን ነካ። «ዋጥኩት፤ አልሄደም። አሁንም እዚህ አለ።» ዓይኑን ገለጠና የትናየትን በቁጣ አያት። «ጠዋት ምን ሆኖ ነው ያልተናገረው?»

«አየር ፈልጎ ነው። እማሆይ ጭስ ሽታውን በማይሸፍንበት ማሰሮ ገልብጠው አሳረፉት፤ ጾሙ ደግሞ ጊዜ ሰጠው። እኔ ብሆን ጠዋቱን አስቀምሼያችሁ አዋርደው ነበር።»

«ሰማችሁ?» አሉ እማሆይ። «ያላጠንኩት ማሰሮ ነው ያዳናት።»

«ለመሆኑ አንዱ ግንድ ስንት ጠርሙስ ይሰጣል?» አለ መልካሙ።

«አንድ ከሞላ መልካም ዓመት ነው።»

«አንድ? ለአንድ ጠርሙስ ዓመት ሙሉ ይኮተኮታል?»

«ወጣቱ ብዙ ይሰጣል። ወጣቱ ግን የሚጠጣው ላይ ላዩን ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ይሰክራል፣ ሲጠፋ ይጠወልጋል። የአሮጌው ሥር ዓለቱን ሰንጥቆ ወርዷል፤ ድርቁም ጎርፉም ብዙ አይበግረውም። ጥቂት ያፈራና ያለውን ሁሉ ለጥቂቶቹ ያድላል። ልጣጩ ወፍራም፣ ፍሬው ትንሽ፤ ቀለሙና ምሬቱ ከዚያ ነው።»

ጽዋው ካሳ ጋ ደረሰ። ጠጅና ጠላ ሲጠጣ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር አፉ ገብቶ አያውቅም። መጀመሪያ አፉን ሰብሰብ አደረገው፤ ጥብቅ ነው፣ ቶሎ የሚለማመድ አይደለም፤ በዕድሜ የገፋ፣ ሰላምታው አጭር የሆነ ሰው ይመስላል። ካሳ ጠበቀው። ሲጠብቀው ለቀቀለት። አጋሙ መጣ፣ ጦስኙ መጣ፣ ከዚያም መምህሩ ያሉት ዝናብ የነካው አፈር፤ እየጠበበ፣ እየራቀ፣ ሳይጠፋ። ጉልበት አለው፤ ጉልበቱን ግን ለማሳየት አይቸኩልም። ካሳ ጽዋውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። ለሰው ከሚሰማው የማያንስ አክብሮት ተሰማው።

«ይህ» አለ ቆይቶ፣ «ያ በየዓመቱ የሚቆረጠው ነው?»

«በየዓመቱ፣ አያ ካሳ። ተቆርጦ ያላደረ ዓመት የለም።»

መልካሙ ዞር አለ። «ምንድን ነው የሚቆረጠው?»

የትናየት ካሳን አየችው። ካሳ አልከለከላትም። ስለዚህ ተናገረች፤ ወይኑ አልደከመም አለች፤ ታፍኗል። ሥሩ ጤና ነው፣ ግንዱ ሕያው ነው፤ ከላይ የተከመረው ግን ከግማሽ በላይ ሬሳ ነው። ሥሩ የሚያመጣውን ቅጠል ይበላዋል፣ ፍሬው ይራባል። ግንቡንም የጎተተው ይኸው ክምር ነው። ሐረጉ ተቆርጦ ከግንዱ የወጡት ሁለት ክንዶች ብቻ ቢቀሩ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ግንብ አይደገፍም። የዘንድሮን ፍሬ ያሳጣ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ያፈራል።

መልካሙ ጺሙን ያዘ። «ግንቡን አይነካም?»

«አይነካም።»

«ታዲያ ይህን ጠዋት አትነግሪኝም?»

«ተፋችው እያሉ ሲስቁብኝ?»

«ይሁን፣ ይሁን።» እጁን አወናጨፈ። «እኔ ከወይኑ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከሚናደው ድንጋይ ጋር ነው። አዳራሹን ከዚህ ራቅ አድርጌ እሠራለሁ። የግዝቱ ነገር ግን ከእኔ በላይ ነው።»

ሁሉም ወደ መምህር አንተነህ ተመለከቱ። ሽማግሌው የንፍሮ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«እኔ ተማሪ ሳለሁ የኔታ የነገሩኝን ልንገራችሁ። በአንድ ክፉ ዘመን ሣር ጠፋ። ሰው ማጭድ እየያዘ መጣና ሐረጉን ለከብቱ ያጭድ ጀመር፤ ግንዱንም ለማገዶ ሊያደርገው መጥረቢያ ያመጣ ነበር። ያኔ የነበሩት አለቃ፣ ብረት ያስነካ ውግዝ ይሁን ብለው አሰሩት። ያሰሩት እንዲኖር ነው።» በእጃቸው ወደ ውጭ፣ ወደ ወይኑ አመለከቱ። «ያ ማሰሪያ አሁን አንገቱን አንቆ የሚገድለው ከሆነ፣ ያሰረው ክህነት ይፈታዋል።» ብድግ ብለው መስቀላቸውን አነሡ። «እግዚአብሔር ይፍታ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም። ካሳ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

«ካሳ» አሉ መምህሩ። «ግዝቱ ወረደ። አባትህ ያስማለህን መሐላ ግን በንስሐ ልፈታልህ እችላለሁ እንጂ ልቀማህ አልፈልግም። ካልፈቀድክ ሌላ ሰው አይቆርጠውም፤ እኔም አትንቀለው ብዬ መልካሙን አልለምንልህም። ከፈቀድክ ደግሞ የሚቆርጠው ያንተ እጅ ነው።»

ካሳ ወጣ። ተከተሉት። የአሥር ሰዓት ፀሐይ ወይኑን ከጎኑ አግኝታው ቅጠሉ ሁሉ ያበራል፤ ከውጭ ላየው እንከን የለውም። አባቱ እዚህ ቆሞ ፍየል ሲያባርር፣ ማጭድ የያዘ ሁሉ ሲፈራው ያየዋል። አባቱ ሞኝ አልነበረም። የነገሩትን ጠበቀ። ይህን መጠጥ ግን አልቀመሰም።

«ፍታኝ፣ አባቴ» አለ ካሳ። መምህሩ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉለት።

የትናየት ከሻንጣዋ ትንሽ መጋዝ አውጥታ በእጁ ሰጠችው። ቅጠሉን ገልጣ ቦታውን በጣቷ አሳየችው፤ ሐረጉ ከክንዱ የሚወጣበት፣ ሁለት ጉጥ አልፎ። ካሳ መጋዙን አስጠጋ። ቆመ።

«ብሳሳትስ?»

«ከጎኑ ሌላ አለ።»

«ካሳ፣ ሚስትህንም እንዲህ ቆመህ ነው ያጨሃት?» አሉ እማሆይ ከኋላ።

ገዘገዘ። መጋዙ ከጠበቀው ይልቅ በቀላሉ ገባ። ሐረጉ ተቆረጠና ረጅም ክብደቱን እየጎተተ ከግንቡ ላይ ተንሸራቶ ወረደ፤ አቧራ፣ የወፍ ጎጆ ፍርስራሽ፣ የስንት ዓመት ደረቅ ቅጠል ይዞ። በተከፈተው ቦታ ብርሃን ገብቶ ግንዱ ላይ አረፈ። ከቁስሉ ላይ የጠራ ውሃ ብቅ አለና ተጠራቅሞ ጠብ አለ። ሌላ ተከተለ።

«ገደልኩት!» ካሳ መዳፉን ቁስሉ ላይ ጫነ። ውሃው በጣቶቹ መካከል አልፎ እስከ ክንዱ ወረደ። «የትናየት፣ ይፈሳል፣ ደሙ ነው!»

«ይፍሰስ። እጅዎን ያንሡ።» ድምጿ የረጋ ነበር። «የሞተ ግንድ አይፈሰውም። ይህን ያህል የሚገፋ ሥር አለው ብዬ እኔም አላሰብኩም።»

ካሳ እጁን አነሣ። ጠብታው ሳያቋርጥ ይወርዳል። ክንዱ ላይ የቀረውን በምላሱ ነካ፤ ምንም ጣዕም የሌለው፣ ከምንጭ የቀዘቀዘ ውሃ ነበር። መልካሙ ካፖርቱን አውልቆ የወደቀውን ሐረግ ከመንገድ ሊያነሣ ጎንበስ ብሏል፤ መምህሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ያያሉ።

ካሳ መጋዙን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ ወደ ልጅቱም ዞረ።

«ቀጥሎስ የቱ ነው?»